የአዋቂዎች የጾታ ምጣኔ ምንድን ነው? የፕሎቨር ጂን ወንድ አያበዛም!

«የፕሎቨር ጂን ወንድ ያበዛል።» ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እንጃ። (ፕሎቨር ብዙ ጊዜ በውኃ ዳርቻ የሚታይ ትንሽ ወፍ ነው።) ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «አዋቂዎቹ ላይ ወንድ ከበዛ እንቁላሉም ውስጥ ወንድ በዝቷል ማለት ነው፤ ሒሳቡ ቀላል ነው» ብሎ በልበ ሙሉነት ደመደመ። ሒሳቡ ቀላል አይደለም። እንዲያውም ከመነሻው ሌላ ነገር ነው የቆጠረው።

የፕሎቨር ጥናቶች የሚያወሩት ስለ አዋቂዎች የጾታ ምጣኔ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት፣ ለመራባት ከደረሱት ወፎች ውስጥ ስንቱ ወንድ ነው? በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ እንቁላሉ ምንም አይነግረንም።

ትምህርት ቤት እንውሰድ። አንደኛ ክፍል ሲመዘገቡ ወንድና ሴት እኩል ነበሩ። 12ኛ ክፍል ላይ ስትቆጥሩ ወንዶች በዝተው አገኛችሁ። «ይሄ ትምህርት ቤት ሲመዘግብ ለወንድ ያደላል» ትላላችሁ? መሀል ላይ እነማን እንዳቋረጡ ነው የምትጠይቁት።

በሜክሲኮ ባሂያ ዴ ሴውታ የሚራቡት ስኖዊ ፕሎቨሮች ላይ የሆነው ይኸው ነው። በ2017 የታተመ ጥናት ሕይወታቸውን ከጫጩትነት እስከ አዋቂነት ተከታተለ። ሲፈለፈሉ ወንድና ሴቱ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በልጅነት ዕድሜ ነው። ሴት ጫጩቶች ከወንዶቹ ይልቅ አዋቂ ሳይሆኑ ይቀራሉ። አዋቂዎቹ ዘንድ ወንድ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ጂኑ የሚገባው ሌላ ቦታ ላይ ነው። የፕሎቨር ጫጩት በዓይን ታይቶ ጾታው አይለይም። ስለዚህ ትንሽ ጠብታ ደም ይወሰዳል። ወፎች ላይ ነገሩ ከእኛ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወንዱ ሁለት ዜድ ክሮሞሶም ሲኖረው ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብሊው አላት። ሲኤችዲ1 የሚባለው ጂን በሁለቱም ክሮሞሶሞች ላይ አለ፤ አንዳንድ ክፍሎቹ ግን ርዝመታቸው ይለያያል። ላቦራቶሪ ውስጥ ተባዝቶ ሲታይ ወንዱ አንድ መስመር፣ ሴቷ ሁለት መስመር ታሳያለች። ያለዚህ ምርመራ ስለ ጫጩት ጾታ የሚወራው ሁሉ ግምት ነው። እግረ መንገዴን ልበልና፣ የተፈለፈሉትን መቁጠር የተፀነሱትን መቁጠር አይደለም። እንቁላል ውስጥ የሞቱት ብዙ ጊዜ ናሙና ውስጥ አይገቡም።

አሁን ወደ 12ኛ ክፍል እንመለስ። መምህሩ ስም ጠርቶ ያጣውን ተማሪ ሁሉ «አቋርጧል» ብሎ ቢመዘግብስ? ፕሎቨር ላይ ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከጫጩቶቹ ጋር የሚቀረው አባት ነው። ጫጩት ተከትሎ የሚቆጥር ሰው አባቶችን ደጋግሞ ያያል፤ እናቶቹ ሌላ ዳርቻ ላይ ናቸው። በዓይን ብቻ የተቆጠረ ቁጥር ለወንድ ያደላል። ለዚህ ነው ወፎቹ እግር ላይ ባለቀለም ቀለበት የሚደረገው፤ በሕይወት የመቆየት ዕድልና የመታየት ዕድል ተለያይተው እንዲሰሉ። ያም ሆኖ ለዘለቄታው ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረችው ተማሪ ስሌቱ ላይ እንደሞተች ትታያለች። ወፎች ላይ ደግሞ ከተፈለፈሉበት አካባቢ ርቀው የሚሄዱት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶቹ ናቸው። ይህን ያልጠየቀ ጥናት ካያችሁ ጠርጥሩ።

ሌላም የሚምታታ አለ። በዚህ ሰዓት ለመጣመር ዝግጁ የሆኑት ብቻ ሲቆጠሩ የሚገኘው ምጣኔ ለብቻው የሚታይ ነው። ዛሬ ለቡድን ሥራ ጓደኛ የሚፈልጉትን ብቻ እንደመቁጠር ነው። ጫጩት የያዘው አባት ከአዋቂዎቹ ተቆጥሯል፤ ከፈላጊዎቹ ግን የለበትም። (ምሳሌዬ እዚህ ላይ መንገዳገድ ጀመረ፤ ይቅርታ፣ ከዚህ በላይ አልጎትተውም።)

«ሴቷ ጫጩቶቿን ጥላ የምትሄደው ጂኗ ስለሆነ ነው» ለሚለውስ? በደቡብ ቱርክ ቱዝላ የሚራቡትን ኬንቲሽ ፕሎቨሮች (ሌላ የፕሎቨር ዝርያ ናቸው) ያጠኑ ተመራማሪዎች ወንዶችንም ሴቶችንም ከጥንዳቸው ነጥለው ማን ቶሎ አዲስ ጓደኛ እንደሚያገኝ አዩ። ሴቶቹ ከወንዶቹ እጅግ ቀደሙ። ወንድ በበዛበት ቦታ ለሴቷ አዲስ አጋር ማግኘት ቀላል ነው። ጫጩቶቹ ደግሞ ከተፈለፈሉ ብዙም ሳይቆዩ በራሳቸው ይለቅማሉ፤ የሚፈልጉት ሙቀትና ጠባቂ ነው፤ ለዚያ አንድ ወላጅ ሊበቃ ይችላል። በኬፕ ቨርዴ ማዮ ደሴት ያሉት ኬንቲሽ ፕሎቨሮች ዝርያቸው ያው ነው። እዚያ ግን ወንድና ሴቱ ይበልጥ ተቀራራቢ ነው፤ ወላጆቹም አብረው የማሳደግ ዝንባሌ አላቸው። ነገሩ ሁሉ በዝርያው ጂን የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ማዮና ቱዝላ ምን አለያያቸው? በእርግጥ ምጣኔውና የወላጆች ባሕርይ አብረው መሄዳቸው ብቻውን የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አይወስንም። እርስ በርስ ሊገፋፉም ይችላሉ።

ይህን ሁሉ ላፕዊንግ ወደሚባለው ወፍ ለመገልበጥ የሚቸኩልም አይጠፋም። ቤተሰባቸው አንድ ነው፤ ኑሯቸው ግን ይለያል። የሰሜኑ ላፕዊንግ ላይ አንዳንዱ ወንድ ነው ሁለት ሴት የሚይዘው። ዶተረል የምትባለው ፕሎቨር ደግሞ ደማቋ ሴቷ ናት፤ እንቁላሉን የሚታቀፈው በአብዛኛው ወንዱ ነው።

ምጣኔው ለጄኔቲክስ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። 100 አዋቂ ወፎች ቢኖሩና 50 በ50 ቢሆኑ፣ በተለመደው ቀመር ውጤታማ የሕዝብ ብዛታቸው 100 ይሆናል። 70 ወንድና 30 ሴት ከሆኑ ግን 84 ይሆናል። ወፎቹ አልቀነሱም፤ ግን የጄኔቲክ ብዝኃነታቸው 84 ብቻ እንደሆኑ ያህል ይሸረሸራል። ቀመሩ ግን ሁሉም ወንድ እኩል ዕድል አለው፣ ሁሉም ሴት እንዲሁ ብሎ ነው የሚነሳው። አንዷ ሴት በአንድ ወቅት ከሁለት ወንድ በምትፈለፍልበት፣ ሌላው ወንድ ደግሞ ባዶ እጁን በሚቀርበት ቦታ ያ 84 ራሱ ሌላ ስሌት ይፈልጋል።