ተፈጥሮና ስሜት በዘመናዊው የኢትዮጵያ ሥዕል

በዘመናዊው የኢትዮጵያ ሥዕል ተፈጥሮ ብዙ ጊዜ የሚገባው በቀለሙ በኩል ነው። ሠዓሊው የሰማዩን፣ የአፈሩን፣ የቅጠሉን ቀለም ይወስድና ሐዘኑን ወይም ፍርሃቱን ይናገርበታል። ይህ አካሄድ የጎለመሰው በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በፊት መድረኩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነበር። መልክዓ ምድር ለብቻው አይሣልም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው የጎንደር ስልት በሚባለው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በተስፋፋው የአሣሣል ዘይቤ ግን ከቅዱሳኑ ጀርባ ያለው ቦታ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ይሞላል። ሰማይ ይሁን መሬት አይለይም። ድባቡ ግን ያለ ጥርጥር አለ።

ለውጡ የመጣው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ነው። መሥራቹ አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የወጡና ቺካጎ የተማሩ ናቸው። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1957 ነው የሚሉ አሉ፤ 1958 የሚሉም አሉ። 1950 ዓ.ም. ሁለቱንም ስለሚነካ ብዙ የሚያጣላ ነገር የለም። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። የሀገሪቱ ታላላቅ ሠዓሊዎች ወይ ተምረውበታል ወይ አስተምረውበታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካስተማሩት አንዱ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ይሥሉም ነበር። ልጁ ኮሌጅ ገብቶ ግብርና ጀመረ፤ ተወው። ከዚያ ጀርመን ሀገር ኮሎኝ ሥነ ጥበብ ተማረ። በ1962 ተመልሶ በዓመቱ ለብቻው ዐውደ ርእይ ሲያቀርብ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ተደነቀ፤ ገሚሱ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ። ረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም ነገሮችን እንደሚታዩት ሳይሆን በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚናገር ሥዕል፣ ለብዙው ተመልካች ባዕድ ነበር። ከውጭ የተቀዳ ነው የሚለው ክስ እስከ ዛሬም አልፎ አልፎ ይሰማል። ሥዕሎቹን ቀርቦ ያየ ሰው ግን ይህን ለመቀበል ይቸግረዋል። «ጎልጎታ»ን እንውሰድ። ስቅለቱ በፊትና በእንባ አልተነገረም፤ ሕመሙን የተሸከመው ቀዩ ቀለም ነው። ቀለም ስሜት ይሸከማል የሚለው ነገር ለቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ ከየትም የመጣ እንግዳ አይደለም።

ገብረ ክርስቶስ ገጣሚም ነበር። «ሀገሬ» በተሰኘው ግጥሙ ሀገሩን የሚያወድሰው በልምላሜዋ፣ በፀሐይዋና በቀለሟ ነው። ግጥሙን የሚያውቅ ሰው ሥዕሎቹ ፊት ሲቆም ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። በደርግ ዘመን ተሰደደ፤ በ1981 አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ።

እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003) ሌላ መንገድ ነው የሄደው። ለንደንና ፓሪስ ቆይቶ በ1966 ተመለሰ፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያስተማረው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ቢሆንም ያልነካው ተማሪ የለም ይባላል። የእሱ ተፈጥሮ የሌሊት ነው፦ ወፍ፣ ክንፍ፣ ነፍሳት፣ ሰማይ። በ1964 ፓሪስ ሳለ የሠራው «የፍርሃትና የሐሴት የሌሊት በረራ» ሁለት ተቃራኒ ስሜቶችን በአንድ ሸራ ላይ ያውላል። ክንፋም ፍጥረታት በጨለማ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ ያስፈሩ ይሁን ያስደስቱ ለመወሰን ያዳግታል። ኋላ ላይ ሸራውን ትቶ ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይም ሣለ። ተፈጥሮ እዚህ መነሻ ብቻ አልሆነም፤ ሥዕሉ ያረፈበት ገላ ራሱ ሆነ። ከ1972 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለሦስት አሥርተ ዓመታት ገደማ አስተምሯል። ከሀገር ውጭ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች የእሱ ልጆች ናቸው።

ከትምህርት ቤቱ ውጭ አንጋፋው አፈወርቅ ተክሌ «የመስቀል አበባ»ን ሠርተዋል። የቢሾፍቱው ለማ ጉያ ደግሞ የፍየል ቆዳን እንደ ሸራ ተጠቅመውበታል።

በደርግ ጊዜ ሶሻሊስታዊ እውነታዊነት፣ ማለትም ሠራተኛውንና አብዮቱን በግልጽ የሚያወድስ ሥዕል፣ ነገሠ፤ ብዙ ወጣቶችም ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ተላኩ።

የገብረ ክርስቶስን ሥራዎች ማየት የሚፈልግ ሰው በስሙ ወደተሰየመው፣ ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይሂድ። መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም በ2019 ተከፍቷል፤ ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ኤልያስ ስሜ የትምህርት ቤቱ ምሩቅ ነው። ከመርካቶ የተለቃቀመ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ቁርጥራጭ እያያያዘ ይሠራል። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን የሚታይ የእርሻ መሬት ይመስላል። ጠጋ ሲሉት ያው ሽቦ ነው።