«ሥዕሉ ጨዋታ ነው»፦ ስለ ተረትና ሥዕል ወርክሾፕ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ብዙ አይደሉም። ግን አሉ። የአንዷ ልጅ በሕመም ምክንያት ትምህርት ቤት አዘውትሮ መሄድ አልቻለም። ሌላውን ሥራው በየጊዜው ከከተማ ከተማ ያዘዋውረዋል። በራሴ መንገድ ላስተምር ብለው የወሰኑም አሉ። እኛ እነዚህን ልጆች ሰብስበን ተረትና ታሪክ እናነባለን፤ ከዚያ ያነበብነውን እንሥላለን። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት የሚማሩትም ይቀላቀሉናል።

ስለዚህ ሥራ የሚወራው ብዙ ስህተት አለበት። ስህተቱ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ልጆቹ ላይ ነው። ደጋግመን የምንሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ንባቡ ይበቃል፤ ሥዕሉ ጨዋታ ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ብዙ ወላጅ ሥዕሉን እንደ ማባበያ ነው የሚያየው። ልጁ አነበበ፣ ደከመው፣ አሁን ደግሞ ይዝናና። እውነታው ግን ሥዕሉ ራሱ ሁለተኛ ንባብ መሆኑ ነው። ከመጀመሪያው የበለጠ ጥንቃቄም ይጠይቃል።

የአንበሳውን ጸጉር ተረት እንውሰድ። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ሰምተነዋል። አንዲት እንጀራ እናት የባሏ ልጅ አልቀርብሽ ይላታል። ብታበላው፣ ብታለብሰው ፊቱን ያዞርባታል። ወደ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ሄዳ «መላ በሉኝ» ትላቸዋለች። እሳቸውም «ከሕያው አንበሳ ጸጉር ነቅለሽ አምጪልኝ» ይሏታል። ሥጋ ይዛ ትሄዳለች። የመጀመሪያ ቀን ከሩቅ ወርውራ ትሮጣለች። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀረበች በመጨረሻ አንበሳው ከእጇ መብላት ይጀምራል። ያኔ ጸጉሩን ትነቅላለች። ሽማግሌውም «እንግዲህ አንበሳውን እንዳላመድሽው ልጁንም አላምጂው» ብለው ይሸኟታል።

አንብበን ስንጨርስ «ምን ተማራችሁ?» ብንል ሁሉም በአንድ ድምፅ «ትዕግስት!» ይላሉ። መልሱ ልክ ነው። ግን ማን እንደገባው፣ ማን ጓደኛውን ሰምቶ እንደደገመ አይለይም።

«እሺ፣ ሣሉት» ስንል መጀመሪያ የሚመጣው ጎፈሩ የተንዠረገገ አንበሳና አጠገቡ የቆመች ሴት ነው። ያኔ አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን፦ «ይሄ ስንተኛው ቀን ነው?» ዝም ይላሉ። ከዚያ ወደ ጽሑፉ ይመለሳሉ። ሥጋውን የት አስቀመጠችው? ምን ያህል ርቃ? አንበሳው አይቷታል?

አንዲት ልጅ ወረቀቷን አጥፋ አራት ቦታ ከፈለችው። በአራቱም ላይ ሴትዮዋና አንበሳው አሉ። ዓይኔን የያዘው የሴትዮዋ እግር ነው። በመጀመሪያው ሥዕል ፊቷ ወደ አንበሳው ነው፤ የእግሮቿ ጣቶች ግን ወደ ቤቷ ዞረዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ለመሮጥ ተዘጋጅታ ነዋ፣ ቲቸር» አለችኝ። በሦስተኛው ላይ አንዱ እግሯ ዞሯል። በአራተኛው ሁለቱም ወደ አንበሳው ናቸው። ይህ ተረቱ ውስጥ የለም። ልጅቷ ግን ፍርሃቱን አንብባዋለች። ይህን የሚያወጣ የፈተና ጥያቄ እኔ አላውቅም።

ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች ቃላት እየሰጡ አንዳንዱን እንዲሥሉ፣ አንዳንዱን ደጋግመው እንዲጽፉ አደረጉ። በኋላ ሲጠየቁ የበለጠ ያስታወሱት የሣሉትን ነበር። የሥዕሉ ማማርና አለማማርም ለውጥ ያመጣ አልመሰለም። የተፈተኑት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንጂ ሕፃናት አይደሉም፤ ይህን መዘንጋት የለብንም። ቢሆንም እኛ በየሳምንቱ ከምናየው ጋር ይሄዳል።

«የኔ ልጅ ሥዕል አይሆንላትም»

የአምስት ዓመት ልጅ «አልችልም» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አይልም። ያባቱን እጅ ከቤቱ አስበልጦ ይሥላል፤ በግድግዳው ውስጥ አሳልፎ ወጡን ከነድስቱ ያሳያል። ደስ ብሎት ነው የሚሥለው። «አልችልም» የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዘጠኝና አስር ዓመት ላይ ነው። የሕፃናትን ሥዕል ሲያጠና የኖረው ቪክቶር ሎወንፌልድ ይህን ጊዜ ልጁ ሥዕሉን ከእውነተኛው ነገር ጋር ማስተያየት የሚጀምርበት ደረጃ ይለዋል። ልጅቷ ተሰጥኦዋ አልጠፋም። ዓይኗ ከእጇ ቀድሞ አደገ። ልክ በዚህ ሰዓት ነው ወላጅ «በቃ፣ አይሆንላትም» የሚለው። በጣም ያሳዝነኛል።

መፍትሔው የተዘጋጀ ሥዕል አምጥቶ ቀለም ቅቢ ማለት አይደለም። እጇን ይዞ ማረምም አይደለም። እኛ የረዳን ሌላ ዓይነት ደንብ መስጠት ነው፤ ደንቡ ደግሞ እዚሁ ቤታችን አለ። በድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ደጎቹ ፊታቸው ሙሉ ሆኖ፣ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ። ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሰዓሊው መጀመሪያ የሚወስነው ሰውዬው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ነው። ሐዋሳ የብዙ እምነት ከተማ ስለሆነች አንዳንድ ወላጅ ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል። የምንወስደው የአሣሣል ዘዴውን ብቻ መሆኑን ስናስረዳ ግን ይረዳናል።

ታዲያ እንጀራ እናቷን ያስቸገረው ልጅ ስንት ዓይን ይኑረው? በዚህ ጥያቄ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። «ክፉ ነው፣ አስለቅሷታል» ያሉ አሉ። «እናቱ ሞታበት ነው እኮ!» ያሉም አሉ። ሁለተኛው ዓይን ግማሹ ብቻ እንዲታይ ፊቱን በትንሹ ያዞሩትም ነበሩ። «አልችልም» ትል የነበረችው ልጅ ክርክሩ ውስጥ ገብታ መሣሏን እንኳ ልብ አላለችም።

«የኛ ተረት ሥዕል የለውም፤ የውጭ መጽሐፍ ይሻላል»

የውጭ መጽሐፍ አይነበብ የሚል ሰው እዚህ የለም። «የኛ ሥዕል የለውም» የሚለው ግን ሐሰት ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ በተደረደሩ ሥዕሎች፣ ብዙ ጊዜ በ44፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚተርከውን ጨርቅ ያላየ ማን አለ? በአድዋ አካባቢ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ባለሥዕል ወንጌሎች በራዲዮካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ መሆናቸው ታውቋል። ቅርብ ጊዜ ከተባለ ደግሞ ገብረ ክርስቶስ ደስታ (1932–1981 እ.ኤ.አ.) ሰዓሊም ገጣሚም ነበር። ቃልና ሥዕል በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ አዲስ ነገር አይደለም።

ሐዋሳም በዚህ የራሷ ታሪክ አላት። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረተው ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለ የልጆች ንባብ ድርጅት በአህያ የሚጎተተውን የልጆች ቤተ መጻሕፍት የጀመረው እዚችው ከተማ ነው።

መጽሐፍ ካልተገኘ አያት አለች። ልጁ የአያቱን ተረት በሲዳምኛም ሆነ በወላይትኛ ሰምቶ ይምጣ። በአማርኛ ይንገረን፤ ሌላው ይጻፈው፤ ሁላችንም እንሣለው።

«ዕቃው ውድ ነው»

ቀለም ውድ ነው፤ እውነት ነው። ግን የሲዳማ ቡና በየቤቱ በሚፈላበት ከተማ ቡናማ ቀለም ገዝቶ መሣል ምን ይሉታል? አቦሉ ሲጠልል ጥቁር ቡናማ ይሰጣል። ቶናው መካከለኛ ነው። በረካው ለሰማይና ለሩቅ ተራራ የሚሆን ፈዛዛ ቀለም ነው። ከአንድ ጀበና ሦስት ደረጃ ቀለም ማለት ነው። ልጆቹ የአንበሳውን ጎፈር በአቦል፣ ገላውን በቶና፣ ሜዳውን በበረካ ይሠራሉ። ይበልጥ ማጥቆር የፈለገ ሲደርቅ ጠብቆ በላዩ ይደግማል። መጠበቁ ራሱ ትምህርት ነው፤ ያልደረቀ ላይ የደገመ ልጅ ወረቀቱ ይቀደድበታል።

ቢጫውን እርድ ይሰጣል። በሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ ቀቡት። ሲደርቅ በሳሙና ውሃ የተነከረ ብሩሽ ብታስነኩት ወደ ቀይ ይለወጣል። ሳሙናው የእርዱን ቀለም ስለሚቀይረው ነው። ልጆቹ የሐይቁን የፀሐይ መጥለቅ በዚህ ሲሠሩ የሚያሰሙት ጩኸት ሰፈር ይሰማል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ እርድ ፀሐይ አይችልም። መስኮት ላይ ከሰቀላችሁት ይለቃል። ቀይ ሥርም እንደዚያው ነው፤ እየቆየ ወደ ቡናማ ይሄዳል።

ጥቁሩ ከሰል ነው። ብሩሽ ከሌለ ጫፉ የታኘከ መፋቂያ ይሆናል፤ እያንዳንዱ የራሱን። ማጣበቂያው በውሃ የተቀቀለ የስንዴ ዱቄት። መቆጠብ የሌለባችሁ ወረቀት ላይ ነው። ተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ልጁም ይናደዳል። ሐዋሳ የስብሰባ ከተማ ናት። ከሆቴል አዳራሽ ያለቀ ፍሊፕ ቻርት ለምኑ፤ ጀርባው ንጹህ ነው። ካርቶን ደግሞ ከሱቅ።

«ቤት የሚማር ልጅ ከሰው አይለምድም»

ይሄኛው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ወላጅ በሩን ዘግቶ ከተቀመጠ ልጁ ብቻውን ይቀራል። ነገር ግን አንድ ክፍል ውስጥ ከእኩዮች ጋር መቀመጥ ብቻውን መግባባትን አያስተምርም። ወርክሾፑ ላይ የስድስት ዓመቱና የአሥራ ሁለት ዓመቷ አንድ ትልቅ ወረቀት ይጋራሉ። አንድ ጊዜ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ሄደው ዓሣ አጥማጆቹን አይተው ተመለሱ። ትንሹ ልጅ ለተረቱ ሽማግሌ ሞዴል አገኘሁ ብሎ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ መረጠ፦ ራሰ በራ፣ ጎባጣ፣ ዝም ብሎ የሚያይ። ወፉን ከወረቀቱ ግማሽ አደረሰው። ታላቋ ልጅ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ዛፍ አቅዳ ነበር። ተጨቃጨቁ፣ አኮረፉ፣ በመጨረሻ አባ ኮዳው ዛፉ ሥር ቆመ። እኛ ጣልቃ አልገባንም።

«ሽልማት ከሌለ አይነቃቁም»

አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እናውጣ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይቀርብልናል። በቀና ልብ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ሥዕል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ቡድን ከፈሉ። አንዱን «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» አሉት። ሌላውን ሳይነግሩ ሸለሙት። ሦስተኛውን ምንም አልሰጡትም። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይተው ልጆቹ በራሳቸው ጊዜ ምን ያህል እንደሚሥሉ አዩ። ሽልማት ተነግሮት የነበረው ቡድን በሥዕል ያሳለፈው ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። በፍቅር ይሥሉ የነበሩ ልጆች ናቸው እንግዲህ።

ስለዚህ ደረጃ አናወጣም። ሁሉንም ሥዕል ገመድ ዘርግተን በልብስ መቆንጠጫ እንሰቅላለን። ወላጆች ልጃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ «ጎበዝ!» ብለው እንዳያልፉ እንነግራቸዋለን። ከዚያ ይልቅ «ይሄ ተረቱ ላይ የቱ ጋ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ልጁ ያንን ገጽ ፈልጎ ያንብብላቸው።