«የጅምላ ተኩስ» የሚባለው ስንት ሰው ሲመታ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ስንት የጅምላ ተኩስ ነበር? አንዱ ዜና ከ650 በላይ ይላችኋል። ሌላው 48። ማን ዋሸ? ማንም። የቆጠሩት ነገር ለየቅል ነው።

ከ650 በላይ ያለው ገን ቫዮለንስ አርካይቭ የሚባል መዝጋቢ ድርጅት ነው። እሱ ጋ ከተኳሹ ሌላ አራት ሰው በጥይት ከተመታ በቃ፣ ይመዘገባል። የግድ ሰው መሞት የለበትም። የልደት ድግስ ላይ ጠብ ተነስቶ አራት ሰው እግሩን ቢመታና ሁሉም ቢተርፉ፣ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። 48 ያለው የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ነው። የሱ ቆጠራ ሰው በሚበዛበት ቦታ ለመግደል የሚተኩሰውን ይመለከታል፤ የወሮበሎች ጠብ አይገባበትም። «የጅምላ ግድያ» ደግሞ ሌላ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2013 በጸደቀው የፌዴራል ሕግ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ሲገደል ነው፤ በቢላም ይሁን።

ይሄ እንግዲህ ቆጣሪ ያለበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ፓሪስ ውስጥ አንድ መጽሔት ቢሮ 12 ሰው ሲገደል ካሜራው ሁሉ እዚያ ነበር። በዚያው ሰሞን ታጣቂው ቡድን ቦኮ ሐራም የናይጄሪያዋን ባጋ ከተማ አወደመ። የአገሩ ጦር ሟቾቹ ከ150 አይበልጡም አለ፤ እስከ 2,000 ያሉም ነበሩ። ጋዜጠኛ መግባት አልቻለም። የተቃጠሉትን ቤቶች ዓለም ያየው በሳተላይት ፎቶ ነው፣ ከሰማይ። አስከሬን ደግሞ ከዚያ ከፍታ አይቆጠርም።