ጅብ ለውሻ ምኑ ነው?

ስለ እንስሳት ወሬ ሲነሳ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች አሉ። አንዳንዶቹን ከትምህርት ቤት ይዘናቸው የወጣን ናቸው።

«ፍጥረታት የሚመደቡት በመልካቸው ነው»

ድሮ ነገሩ ወደዚህ ያደላ ነበር። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1735 እ.ኤ.አ. ምደባውን ሲያሳትም የሚያየው የአካል ክፍሎችን ነበር። ዛሬ ዋናው ጥያቄ ዝምድና ነው። እኛ አገር ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር የለ? መልካቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ሁለት ሰዎችን ዘመድ አንልም፤ አያት ቅድመ አያታቸውን እንጠይቃለን። ባዮሎጂስቶችም አጥንት፣ ቅሪተ አካልና ዲኤንኤ እያዩ ዘር ይቆጥራሉ።

«ጅብ የውሻ ወገን ነው»

አፈሙዙንና አሯሯጡን ያየ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። ግን የሥጋ በሎች የዘር ሐረግ ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች አሉት፤ አንዱ የውሻ፣ ሌላው የድመት። ጅብ ያለው ከድመት ጋር ነው። ዝባድ የሚገኝበት ጥርኝም እዚያው ነው፤ ሙጭልጭላም እንደዚሁ። ጅብን ውሻ ያስመሰለው ኑሮው ነው። ሁለቱም ረጅም ርቀት እየሮጡ ያድናሉ፣ አካላቸውም ለዚያ ተስማማ።

«ሽኮኮ የጥንቸል ዘመድ ናት»

ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው። ገደል አፋፍ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ላያት፣ ጆሮዋ ያጠረ ጥንቸል ትመስላለች። እግሯን ቀረብ ብላችሁ እዩት። አብዛኞቹ ጥፍሮቿ ጠፍጣፋ ናቸው፣ ትንንሽ ሰኮና ይመስላሉ። ከላይ ያሉት ሁለት የፊት ጥርሶቿ ደግሞ እንደ ጥንቸል ጥርስ ጠፍጣፋ ሳይሆኑ ሾጣጣ ናቸው፣ ማደግም አያቆሙም። እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው ሌላ ማን ነው? ዝሆን! የዝሆን ጥርስ የምንለውም የፊት ጥርስ ነው። ዲኤንኤውም ይህንኑ ይላል፤ የሽኮኮ የቅርብ ዘመዶች ዝሆንና ቀይ ባሕር ውስጥም የሚኖረው ዱጎንግ የሚባል አጥቢ እንስሳ ናቸው።

«የሌሊት ወፍ ወይ ወፍ ናት፣ ወይ አይጥ»

ሁለቱንም አይደለችም። ልጇን ታጠባለች፣ ላባ የላትም። ክንፏ ብርሃን ፊት ሲዘረጋ የጣቶቿ አጥንት በስሱ ቆዳ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ክንፉ እጅ ነው። ከአይጥ ጋር ያላት ዝምድና ደግሞ ሩቅ ነው። ለአይጥ ከእሷ ይልቅ እኔና እናንተ እንቀርባለን።

«እንጉዳይ ተክል ነው»

አይደለም። ከፀሐይ ብርሃን ምግብ አይሠራም። የሕዋሱ ግድግዳ የተሠራበት ካይቲን የሚባል ጠንካራ ነገር የአንበጣ ቅርፊት ውስጥ ያለው ነው። በዘር ከጎመን ይልቅ ለእንስሳት ይቀርባል።

«ምደባው ተሠርቶ ያለቀ ነው»

ሞኔራ፣ ፕሮቲስታ እያልን የሸመደድናቸውን አምስት ኪንግደሞች (የሕያዋን ትልልቅ ምድቦች) አሜሪካዊው ባዮሎጂስት ሮበርት ዊታከር ያቀረበው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ገና በ1977 እ.ኤ.አ. ሌላው አሜሪካዊ ባዮሎጂስት ካርል ዎዝና ባልደረባው፣ ከባክቴሪያ ጋር ሲደመሩ የኖሩት አርኪያ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ደቂቅ ፍጥረታት ራሳቸውን የቻሉ ወገን መሆናቸውን አሳዩ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘው ሞኔራ የሚባለው ቤት ፈረሰ።

እኛም ቤት ያልተስተካከለ ስም አለ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ ቀበሮ ብለን ጠራነው። ዲኤንኤው ሲመረመር ግን ከተኩላ ወገን ሆኖ ተገኘ። ባሌ፣ ሳነቴ ላይ ብቻውን አይጥ ሲያደባ ካያችሁት፣ ያያችሁት ተኩላ ነው።