አሮጌዋ ኮሮላ፦ አያያዝ፣ ጥገናና ማሻሻያ

አሮጌ የጃፓን መኪና ገዝቶ በትርፍ ጊዜ መጠገንና ማሻሻል በብዙ አገር የተለመደ ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ስማቸው ደጋግሞ ከሚነሳው አንዷ በፋብሪካ ኮዷ ኬኢ70 የምትባለው የቶዮታ ኮሮላ አራተኛ ትውልድ ናት። ማምረት የተጀመረው በ1979 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሴዳኗ እስከ 1983፣ የጭነትና የቤተሰብ ሞዴሏ እስከ 1987 ተመርተዋል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ «ኮሮላ ዲኤክስ» ተብላ ትታወቃለች፤ አዲስ አበባም የ1980ዎቹን ኮሮላ በዚሁ ስም ነው የምትጠራው።

ተፈላጊነቷ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ሁሉም ሞዴሎች በኋላ ጎማ የሚገፉበት የመጨረሻው የኮሮላ ትውልድ ናት። በ1983 የወጣችው ተከታይዋ ወደ ፊት ጎማ ዞራለች፤ በኋላ ጎማ መገፋቱን የቀጠሉት ኤኢ85 እና ኤኢ86 የሚባሉት ሞዴሎች ብቻ ነበሩ። ሁለተኛ፣ ሞተሯ በቁመት ስለተቀመጠ ኮፈኑ ሲከፈት ለእጅ ብዙ ቦታ ይተርፋል። ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ለማውረድ ሌላ ሦስት ነገር መፍታት አያስፈልግም።

በኢትዮጵያ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን በእድሜያቸው ልክ ከባድ ቀረጥ ጫነባቸው፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችውን መኪና ማቆየት ለባለቤቷ መዝናኛም፣ የኪስ ጉዳይም ነው።

ሞተሩ

ኬኢ70 ላይ በብዛት የሚገኘው 4ኬ የሚባለው ሞተር ነው። መጠኑ 1290 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 73 ሚሊ ሜትር ነው። ብሎኩ ብረት፣ ከላዩ የሚታሰረው የሞተሩ ራስ ወይም ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ በጎን ተቀምጦ ቫልቮቹን በዘንግ ይገፋል፤ የሚዞረውም በሰንሰለት ስለሆነ ተበጥሶ ሞተር የሚያበላሽ ቺንጋ የለውም። ታናሹ 3ኬ 1166 ሲሲ፣ ታላቁ 5ኬ 1486 ሲሲ ሲሆኑ ብዙ ዕቃ ይጋራሉ።

ከመግዛት በፊት የመጀመሪያው ፍተሻ የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ልኬት ነው። ሞተሩ ይሞቃል፣ አራቱም ካንዴላ ይወጣል፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው የቦቢናው ገመድ ይነቀላል፣ ቤንዚን መስጫው እስከ ጥግ ተረግጦ ሞተሪኖው አምስት ስድስት ዙር ያህል ይመታል። በባሕር ጠለል ደህና 4ኬ በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 11 ኪሎ ያሳያል፤ 9 የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ እዚህ 8 ወይም 8 ተኩል የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ነው፤ የጥገና መጽሐፉን ብቻ አይቶ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ማለት ያለ ጥፋቱ ሞተር ማስወረድ ይሆናል። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይናገራል፤ ከ1 ኪሎ መብለጥ የለበትም።

አንዱ ሲሊንደር ከቀነሰ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ልኬቱ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ላይ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ቫልቭ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ማለት ነው።

መጀመሪያ እሳት፣ ቀጥሎ ቤንዚን

ካርቡራተር ተበላሽቷል ተብለው ጋራዥ ከሚገቡ መኪኖች ብዙዎቹ ችግራቸው የእሳቱ መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ካርቡራተር ከመነካቱ በፊት ይህ ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት፦ የቫልቭ ክፍተት፣ የካንዴላ ክፍተት፣ የኮንታክቱ (እየተላቀቀ እሳቱን የሚያስነሳው መገናኛ) ክፍተት፣ ከዚያ የእሳቱ ሰዓት (ካንዴላው የሚተኩስበት ቅጽበት)።

የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ሞቆ የሚለካ ሲሆን ለመግቢያው 0.20፣ ለጭስ መውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። የሞተሩ የእሳት ተራ 1-3-4-2 ነው። አንደኛው ፒስተን በኮምፕሬሽን ላይ የላይኛው ጫፍ ሲደርስ የአንደኛው ሁለቱም ቫልቮች፣ የሁለተኛው መግቢያና የሦስተኛው መውጫ ይስተካከላሉ። ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር አዙሮ የአራተኛው ሁለቱም፣ የሦስተኛው መግቢያና የሁለተኛው መውጫ ይቀጥላሉ። የክፍተት መለኪያው ላሜራ ሲሳብ ትንሽ መያዝ አለበት፤ በነፃ ካለፈ ሰፍቷል። ዳዶውን ሲያጠብቁ ብሎኑ አብሮ ስለሚዞር በካቻቢቴ ይዞ ማጥበቅና እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ዘግየት ብለው የተመረቱት አንዳንድ 4ኬዎችና አብዛኞቹ 5ኬዎች በዘይት ግፊት ራሳቸውን የሚያስተካክሉ ስለሆኑ ይህ ሥራ አይመለከታቸውም።

ካንዴላው 0.8፣ የኮንታክቱ መላቀቅ 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። የእሳቱ ሰዓት በፋብሪካው ልክ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ከመድረሱ በፊት 8 ዲግሪ ሲሆን የሚለካው በመብራት፣ የቫኪዩሙ ቱቦ ተነቅሎና ተደፍኖ ነው። በከፍታ ላይ ሲሊንደሩ የሚያፍነው አየር ስለሚያንስ 11 ወይም 12 ዲግሪ ድረስ ቢቀድም መኪናዋ ዳገት ላይ በግልጽ ትነቃለች።

ከዚህ በኋላ ነው ካርቡራተሩ የሚታየው። ሥሩ ካለው ጓርኒሲዮንና ከፍሬን ማገዣው ቱቦ አየር እየገባ እንደሆነ በካርቡራተር ማጽጃ መርጨት ይታወቃል፤ ሲረጭ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ማስገቢያው ተገኘ። የ4ኬ ማስገቢያና ማስወጫ ማኒፎልድ በአንድ ጎን አብረው፣ በአንድ ጓርኒሲዮን ስለሚታሰሩ ይህ መጋጠሚያ የታወቀ ደካማ ቦታ ነው። በፋብሪካው ካርቡራተር ግንባር ላይ ያለችው ትንሽ መስታወት ደግሞ የቤንዚኑን ልክ ታሳያለች፤ ቤንዚኑ መሐል ምልክቷ ላይ መሆን አለበት።

ሁሉም ተስተካክሎ ካንዴላው አሁንም ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ሲሆን ካርቡራተር ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ 12 በመቶ ያህል ትርፍ ይለቃል። መፍትሔው ቤንዚን የሚመጠንበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ ጂግለሩን፣ ማሳነስ ነው። የቀዳዳው ስፋት ያን ያህል እንዲቀንስ ዲያሜትሩ በ6 በመቶ ቢቀንስ ይበቃል፤ 1.00 ሚሊ ሜትር የነበረው ወደ 0.94 ይወርዳል ማለት ነው። ኦሪጅናሉን በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኖ በመርፌ መብሳት የተለመደ ቢሆንም አይመከርም። ልኩ የማይታወቅ ቀዳዳ ይቀራል፣ መመለሻም የለውም። ኦሪጅናሉ በላስቲክ ተቋጥሮ መኪናዋ ውስጥ ይቀመጥ፤ ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ሲወረድ ያስፈልጋል። ለከፍታ የጠበበ ጂግለርና የቀደመ እሳት ይዞ ቆላ መውረድ ሞተሩን ያንኳኳል፣ ሲቆይም ፒስተን ይበሳል። ከጉዞ በፊት ጂግለሩ ይመለሳል፣ እሳቱም ወደ 8 ዲግሪ ይወርዳል።

ማቀዝቀዣው

የእነዚህን ሞተሮች እድሜ የሚያሳጥረው ሙቀት ነው፤ ሰበቡም ብዙ ጊዜ ርካሽ ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞስታቱ የሚከፈተው በ82 ነው። ራዲያተሩን የሚደፍነው ክዳን 0.9 ኪሎ ግፊት ሲይዝ የመፍላቱ ልክ ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ክዳኑ ላስቲኩ ደርቆ ግፊት ካልያዘ ግን በመደበኛ ሙቀትና በመፍላት መካከል የሚቀረው 10 ዲግሪ ብቻ ነው፤ የእንጦጦን ዳገት ሳይጨርስ ይፈላል። ስለዚህ መኪና በሞቀ ቁጥር ራዲያተር ከማስጠረግ በፊት ክዳኑን መቀየር ይቀድማል።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የሚታይ ልማድ ነው፣ መጥፎም ልማድ ነው። ሞተሩ ሙቀቱን ሳይደርስ ይውላል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ፋሻ ይጨርሳል። የቧንቧ ውኃ ብቻ መሙላትም እንዲሁ፦ ብረቱ ይዝጋል፣ የአሉሚኒየሙ ቴስታታ የውኃ መተላለፊያ አፍ ይበላል፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ቢገባም የሚቀመጥበት ጠርዝ አያገኝም። አንድ ሦስተኛ ኩላንት፣ ሁለት ሦስተኛ የተጣራ ውኃ ለአዲስ አበባ ይበቃል።

ቴስታታ አንዴ ከወረደ ቀጥ ያለ ብረት ተጋድሞበት መለካት አለበት። ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከጎበጠ ቶርኖ ቤት ይላጫል። ሲመለስ ብሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ በመጨረሻ ወደ 6 ኪሎግራም ሜትር ይጠብቃሉ። በእጅ ግምት የታሰረ ቴስታታ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይወርዳል።

ላሜራው

ሞተር ይገኛል፤ የበሰበሰ ሻንሲ ግን መኪናዋን ይጨርሳል። ዝገት የሚጀምረው የፊት መስታወቱ ሥር፣ ከባትሪው በታች፣ የፊት ሾክ አብዞርበር በሚታሰርበት ራስ ላይ፣ በበሩ ደፍና በሻንጣው ወለል ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይዞ መዞር ይጠቅማል፤ የማይስብበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ።

የዛገው ተቆርጦ በ0.8 ወይም በ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ መተካት አለበት። ብየዳው እያራራቁ በነጥብ ነው፤ አንድ ነጥብ እዚህ፣ ቀጣዩ በተቃራኒው ጫፍ። በካርቦን ጋዝና በ0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ የሚሠራው ማሽን ለዚህ ይሻላል፤ በኦክስጅንና በአሴቲሊን እሳት ሲበየድ ሰፊው ላሜራ ሞገድ ይሠራል፣ ያንን ለመደበቅ የሚለጠፈው ስቱኮም ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ በንዝረት ይሰነጠቃል። ከውስጥ በኩል ዝገት መከላከያ ሰም ካልተረጨ ሥራው ከክረምት ክረምት አይሻገርም።

ማሻሻያ

ጥሩ ማሻሻያ የሚጀምረው ፋብሪካው ራሱ ለዚሁ ቤተሰብ ከሠራው ዕቃ ነው። ባለ አራት ማርሹን ካምቢዮ በባለ አምስቱ ኬ50 መተካት ረጅም መንገድ ላይ ጩኸቱንም ቤንዚኑንም ይቀንሳል። ቀጥሎ 5ኬ ነው፤ ላይትኤስ በምትባለው ትንሽ ቫንና በቶዮታ ፎርክሊፍቶች ላይ ስለተገጠመ ይገኛል፣ በአሮጌው ማሰሪያና ካምቢዮ ላይም ይቀመጣል። ከሌላ መኪና የወጣ ስለሆነ የዘይት ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) እና መምጠጫው ከኮሮላዋ አሮጌ ሞተር መዛወር አለባቸው፤ ካልተዛወሩ ከታች ካለው ብረት ጋር ይጋጫሉ። 7ኬ የሚባለው 1781 ሲሲው የዚሁ ቤተሰብ ቢሆንም ብሎኩ ከፍ ያለ ስለሆነ ከባድ ሥራ ይጠይቃል።

በጃፓን፣ በአውስትራሊያና በማሌዥያ ከኤኢ86 የወጣውን ባለ 16 ቫልቭ 4ኤጂኢ (1587 ሲሲ) መግጠም የተለመደ ነው። ውጤቱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ቲ50 ካምቢዮ፣ የኤኢ86 የሞተር ማሰሪያ፣ የኢንጀክሽን ፓምፕ፣ የቤንዚን መመለሻ መስመርና ሙሉ ሽቦ ይፈልጋል። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሙሉው ዕቃ በአንድ ቀን ይገኛል ብሎ አሮጌውን ሞተር አስቀድሞ መሸጥ ሞኝነት ነው።

ቸርኬ ሲቀየር የኬኢ70 አራቱ ብሎኖች በ114.3 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ እንዳሉ መታወቅ አለበት። ከ1983 ወዲህ ያሉት የብዙዎቹ የፊት ጎማ ገፊ ኮሮላዎችና የትንሿ ቶዮታ የቪትዝ 100 ስለሆነ አይገቡም። የመጀመሪያው ጎማ 155 በ13 ነው፤ 185/60 ባለ 14 ቁመቱ ከእሱ ጋር እኩል ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው አይዛባም፣ ፓራፋንጎም አይነካም።

ዝቅ ለማድረግ ሞላ መቁረጥ በሁሉም አገር ያለ በሽታ ነው። የተቆረጠ ሞላ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ይወጣል፣ ሾክ አብዞርበሩም በየፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ታች ይመታል። አጠር ተደርጎ የተሠራ ሞላ ከአጭር ሾክ ጋር ይሻላል፤ ለአዲስ አበባ መንገድ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ መውረድ ትርጉም የለውም።

ጉልበት ከመጨመር በፊት ፍሬን ይቀድማል። የማስተር ሲሊንደሩ ላስቲኮች ይቀየራሉ፣ ዘይቱ በዶት 3 በሁለት ዓመት አንዴ ይታደሳል፣ አየሩ ከሩቁ ጎማ ጀምሮ ይወጣል፦ የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የግራ ፊት። የመሪ ወይም የሞተር ዘይት ጥቂት እንኳ ከገባ ላስቲኮቹ አብጠው ፍሬኑ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ማጠብ አይረዳም፣ ላስቲክ ሁሉ መለወጥ አለበት።

በኢትዮጵያ የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ ስለሚመዘገብ ሞተር ሲገዛ ሰነዱ አብሮ መገዛት አለበት፤ ቁጥሩ ካልተስማማ ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ላይ ይያዛል። አሜሪካ ላሉ ደግሞ 25 ዓመት የሞላት መኪና ከፌዴራሉ የደኅንነት መስፈርት ነፃ ስለሆነች ከጃፓን በቀኝ መሪዋ እንዳለች ማስገባት ይቻላል፤ የጭስ ምርመራው ግን እንደየክፍለ ግዛቱ ስለሚለያይ ካሊፎርኒያ ያለ ሰው ሞተር ከመቀየሩ በፊት የግዛቱን ደንብ ማየት አለበት።