ደብል መምታት ምንድን ነው? ልጃችሁስ ክፍል ይዝለል?

ደብል የመታ ልጅ ታውቃላችሁ መቼም። ከሁለተኛ ክፍል ዘሎ አራተኛ የገባ ቀለሜ። በትምህርት ባለሙያዎች ቋንቋ ይሄ አክስለሬሽን ይባላል፤ ልጁ ትምህርቱን ከእኩዮቹ ቀድሞ ወይም ፈጠን ብሎ እንዲማር ማድረግ ማለት ነው። ክፍል መዝለል ግን አንዱ መንገድ ብቻ ነው። ዕድሜው ሳይደርስ አንደኛ ክፍል መግባትም አለ። በሒሳብ ብቻ ከፍ ያለ ክፍል ገብቶ ሌላውን ከእኩዮቹ ጋር መማርም አለ፤ እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምሞክረው ይሄኛውን ነው።

አውስትራሊያዊውን የሒሳብ ሊቅ ቴሬንስ ታኦን እንይ። ገና ሕፃን ሳለ ሃይስኩል ሲገባ ሒሳብና ፊዚክስ ከትልልቆቹ ጋር፣ ሌላውን ትምህርት ደግሞ ዝቅ ባለ ክፍል ይማር ነበር። በ9 ዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ጀመረ። ሙሉ ተማሪ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ የገባው ግን በ14 ነው፤ ቤተሰቦቹ አላጣደፉትም። በ2006 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ከሚሰጡ ትልልቅ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን ፊልድስ ሜዳልያ ተሸለመ።

የእኛ ቀለሜ ምን ይሆናል? የክፍል ሥራውን በአምስት ደቂቃ ይጨርስና ቁጭ ይላል። መምህሩ 70 ተማሪ ይዞ ምን ያድርግ፣ አለቃ ያደርገውና የሚያወሩትን ልጆች ስም ያስጽፈዋል። ልጁ ሳይለፋ አንደኛ መውጣት ይለምዳል፤ ከዚያ አንድ ቀን ከበድ ያለ ትምህርት ሲገጥመው እንዴት እንደሚጠና አያውቅም።

«ከትልልቆች ጋር ገብቶ ቢገለልስ?» ትሉ ይሆናል። በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ካለው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ትልቅ ዘገባ የብዙ ዓመታት ጥናቶችን ሰብስቦ፣ በደንብ ታይተው ክፍል የዘለሉ ልጆች በትምህርታቸውም በማኅበራዊ ኑሯቸውም በአብዛኛው ደህና እንደሚሆኑ ጽፏል። በደንብ ታይተው የምትለዋ ላይ ነው ነገሩ። እዚያው አዮዋ የተዘጋጀ መመዘኛ አለ፤ የፈተና ውጤቱን፣ ብስለቱን፣ ከሰው ጋር ያለውን ግንኙነት ሁሉ ያያል። ልጁ ራሱ ካልፈለገ ግን መዝለሉን አይመክርም። ታላቅ እህቱ ወዳለችበት ክፍል የሚገባ ከሆነም አይመክርም። እሷም ሰው ናት!

ደግሞ ክፍተት አለ። ሦስተኛ ክፍልን የዘለለ ልጅ እዚያ የሚሰጠውን ትምህርትም ዘሏል። ስለዚህ የሚዘለውን ክፍል የዓመቱ መጨረሻ ፈተና አስቀድሞ ይፈተን። የጎደለውን ክረምት ላይ ይሙላ። የእጅ ጽሑፉንም እዩለት፤ ጭንቅላቱ አራተኛ ክፍል ደርሶ እጁ ገና ሁለተኛ ክፍል የቀረ ልጅ ብዙ ነው፣ ኖት መገልበጥ ያሰቃየዋል።

መስከረም ላይ ሲገባም የመጀመሪያው ወር ሙከራ እንደሆነ፣ ካልተመቸው መመለስ እንደሚችል ከትምህርት ቤቱ ጋርም ከልጁ ጋርም ተነጋገሩ። እስከዚያ ድረስ ቡና ላይ አታውሩት። ዘመድ አዝማድ «ጎበዝ፣ ደብል መታ አሉ!» እያለ ግንባሩን ከሳመው በኋላ፣ ልጁ ልመለስ ብሎ አፉን አይከፍትም።