ቪም፦ ያለ ማውስ ጽሑፍ ማረም

ቪም በተርሚናል (ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ውስጥ የሚሠራ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ነው። ማውስ አይፈልግም፤ ሁሉም ነገር በኪቦርድ ያልቃል። ሊነክስ የሚባለው ስርዓተ ክወና በተጫነበት ሰርቨር ላይ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ወይም ከእሱ በፊት የነበረው ቪአይ አይጠፋም። ስለዚህ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ሌላ የሚወደው ፕሮግራም ቢኖረውም ቢያንስ ፋይል ከፍቶ፣ አርሞና አስቀምጦ መውጣት መቻል አለበት።

ታሪኩ ኢዲ ከሚባል ቀደምት የጽሑፍ ማረሚያ ይጀምራል። ኬን ቶምፕሰን ኢዲን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ቤል ላብስ በሚባለው የምርምር ተቋም ዩኒክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ሲወለድ ነው። ያኔ ብዙው ሥራ የሚሠራው ስክሪን በሌለው፣ ወረቀት ላይ በሚያትም ቴሌታይፕ ነበር። ስለዚህ ኢዲ ፋይሉን ዘርግቶ አያሳይም። የሚፈለገው መስመር በቁጥሩ ወይም በውስጡ ባለ ቃል ይጠራል፣ ከዚያ ትእዛዝ ይሰጠዋል። ዛሬ ሁሉም የሚጠቀምበት የመፈለጊያ መሣሪያ ግሬፕ የወጣው ከኢዲ ነው። ፋይል ሳይከፈት ጽሑፍ የሚያርመው ሴድም የዚሁ ዘር ነው።

ቢል ጆይ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ተማሪ ሳለ፣ በ1976 አካባቢ፣ የኢዲን መንገድ ይዞ ጽሑፉን ስክሪን ላይ የሚያሳይ ፕሮግራም ሠራ። ቪአይ ይኼ ነው። ጆይ ከቤቱ የሚሠራው በሴኮንድ 30 ያህል ፊደል ብቻ በሚያስተላልፍ ሞደም ነበር። 24 መስመር፣ በእያንዳንዱ መስመር 80 ፊደል የሚይዝን ስክሪን ሙሉውን ለመሙላት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ዋጋ አለው። ትእዛዞቹ አንድና ሁለት ፊደል የሆኑት ለዚህ ነው። ከርሰሩ በኤች፣ በጄ፣ በኬ እና በኤል የሚንቀሳቀሰውም ጆይ ይጠቀምበት በነበረው ተርሚናል ላይ ቀስቶቹ የተሳሉት እነዚሁ ቁልፎች ላይ ስለነበር ነው። ኔትወርክ በሚንቀራፈፍበት ቀን ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር ጋር የሚታገል የአዲስ አበባ ባለሙያ የዚህን ቁጠባ ጥቅም ወዲያው ይረዳዋል።

አዲስ ሰው የሚደናገረው በሞዶቹ ነው፤ ያው ቁልፍ እንደ ሞዱ ትእዛዝ ወይም ፊደል ይሆናል። ቪም ሲከፈት የተነካው ቁልፍ ሁሉ ትእዛዝ ነው፣ ፊደል አይጽፍም። ለመጻፍ አይ (i) ይጫናል፤ ተጽፎ ሲያበቃ በኤስኬፕ ወደ ትእዛዝ ይመለሳል። አስቀምጦ ለመውጣት ኮሎን፣ ደብልዩ፣ ኪው፣ ከዚያ ኢንተር። ግራ ያጋባል፣ አውቃለሁ። ግን አሠራሩ በደንብ የታሰበበት ነው። ጽሑፍ የሚያርም ሰው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው አዲስ ነገር በመጻፍ ሳይሆን የተጻፈውን በመፈለግ፣ በመቁረጥና በመለወጥ ነው።

ትእዛዞቹ ደግሞ እርስ በርስ ይገጣጠማሉ። ዲ ያጠፋል፣ ሲ ይለውጣል፣ ዋይ ይቀዳል። ደብልዩ እስከ ቀጣዩ ቃል፣ የዶላር ምልክት እስከ መስመሩ መጨረሻ ማለት ነው። ስለዚህ ዲና ደብልዩ ቃል ያጠፋሉ፤ ሲና ዶላር ከከርሰሩ ጀምሮ ያለውን መስመር በሌላ ለመተካት ያዘጋጃሉ። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለን ነገር ብቻ ለመለወጥ ሲ፣ አይ እና የጥቅስ ምልክት ይበቃሉ። የመጨረሻውን ለውጥ ሌላ ቦታ ለመድገም ነጥብ ብቻ ይጫናል። እኔ ከቪም አንድ ነገር ብቻ ያዝ ብባል የምይዘው ይህችን ነጥብ ነው።

ቪም ራሱ በ1991 የወጣው በሆላንዳዊው ብራም ሙሌናር እጅ ነው፤ መጀመሪያ የተሠራው አሚጋ ለሚባለው ኮምፒውተር ነበር። ሙሌናር ፕሮግራሙን በነፃ ሰጥቶ፣ የወደደው ሰው በኡጋንዳ ኪባሌ ላሉ ችግረኛ ሕፃናት እንዲለግስ ጠየቀ። ይህ ጥሪ ዛሬም ቪም ያለ ፋይል ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ይታያል። ሙሌናር በ2023 እስኪያርፍ ድረስ ሥራውን አልተወም። ከቪም የወጣው ኒዮቪም በ2014 ተጀምሯል። ኢማክስ የራሱ ዓለም ያለው ሌላ አንጋፋ የጽሑፍ ማረሚያ ነው። ናኖ የሚባለው ማረሚያ ደግሞ ትእዛዞቹን ከታች ስለሚዘረዝር ለጀማሪ ይቀላል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው አንድ እንቅፋት አለ። ኪቦርዱ ወደ አማርኛ ከተቀየረ ዲን ስንነካ ለቪም የሚደርሰው የግዕዝ ፊደል ስለሆነ ትእዛዙ አይገባውም። መፍትሔው ኪማፕ የሚባለውን፣ በቪም ውስጥ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚጽፍ የሚወስን ሰንጠረዥ መጠቀም ነው። ያኔ አማርኛው የሚሠራው ስንጽፍ ብቻ ይሆናል፤ ትእዛዞቹ እንደነበሩ ይቀጥላሉ።

ፍለጋው ግን ለአማርኛ የተሠራ ይመስላል። ፀሐይ የሚለውን ቃል አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ ይጽፈዋል፤ ሐውም እንደዚያው ይለዋወጣል። [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ ብለን ብንፈልግ ሁሉንም አጻጻፎች በአንድ ጊዜ እናገኛለን። ግሬፕና ሴድም ይህንኑ ይረዳሉ። ስለዚህ መቶ ፋይል ያለው የመጽሐፍ ረቂቅ አጻጻፉ በአንድ መስመር ትእዛዝ ወጥ ሊሆን ይችላል። ሴድ ፋይሉን እዚያው እንዲለውጥ ሲታዘዝ አሮጌውን አያስቀርም። ከሰረዝ አይ ጋር አያይዘን እንደ ነጥብ ባክ ያለ ቅጥያ ከጻፍንለት ግን የቀድሞውን ፋይል በዚያ ስም ያስቀምጥልናል።